ስለ አውራሪስ ጥበቃ፥ ግልገሎቹንም ለማሳደግ ባሕር ተሻግረው ስለሚያገለግሉ ሰዎች

አውራሪስ የምንለው አውሬ በግዕዝ አርዌ ሐሪስ ይባላል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቆዝሞስ የተባለው የግሪክ ነጋዴ ስለ ጕዞው በጻፈው መጽሐፍ ኢትዮጵያውያን አውሬውን በዚህ ስም እንደሚጠሩት አመልክቷል። ስሙ እንዲህ ጥንታዊ ሲሆን አውሬው ራሱ ግን ዛሬ ከኢትዮጵያ ዱር እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ ልጆቻችንም የሚያውቁት በሥዕል ነው። በሌሎች የአፍሪቃ አገሮች ገና አለ፤ እንዳይጠፋም ብዙ ሰዎች ይደክሙለታል። ከነዚህም ውስጥ ከሩቅ አገር መጥተው በገዛ ፈቃዳቸው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ይገኙባቸዋል፤ በጎ ፈቃደኞች የሚባሉትም እነርሱ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሥራቸውን ዐይነት፥ ጥቅሙንና ጕዳቱንም ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች በአጭሩ ይገልጻል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ አውራሪስ ዐይነትና ጠባይ

በዓለም 5 ዐይነት አውራሪስ አለ፤ 3ቱ በእስያ፥ 2ቱ በአፍሪቃ ይኖራሉ። የአፍሪቃዎቹ ነጭ አውራሪስና ጥቍር አውራሪስ ይባላሉ እንጂ የሁለቱም መልክ ዐመድማ ነው፤ የሚለዩትም በአፋቸው ነው። ነጩ አፉ ሰፊ ስለ ሆነ እንደ ከብት ሣር ይግጣል። ጥቍሩ የላይ ከንፈሩ ሹል ስለ ሆነ እንደ ፍየል ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ እየቀነጠበ ይበላል። የነጩ ወንድ ሲጐለምስ ክብደቱ ከ20 ኩንታል ያልፋል። የአውራሪስ ዐይን ደካማ ነው፤ ጆሮውና አፍንጫው ግን ብርቱዎች ናቸው።

ሴቲቱ ከ15 እስከ 16 ወር ታረግዛለች፤ የምትወልደውም አንድ ግልገል ብቻ ነው። ግልገሉም ከ2 ዓመት በላይ ከእናቱ ሳይለይ ይኖራል፤ የሚበላውን ቅጠል፥ የሚጠጣበትን ውሃ፥ ከፀሐይና ከዝንብ የሚሸሸግበትን ጭቃ ከእርስዋ ይማራል። ስለዚህ አንዲት እናት የገደለ ሰው በአንድ ጥይት የሚከተላትን ግልገል፥ በሆዷ ያለውን፥ ወደ ፊትም ልትወልዳቸው የነበሩትን ሁሉ እንደ ገደለ ይቈጠራል።

የመጥፋቱ ምክንያት

አውራሪስ የሚገደለው ስለ ቀንዱ ነው። ቀንዱ የሰው ጥፍርና ጠጕር ከተሠሩበት ነገር የተሠራ ነው፤ ሲቈረጥም እንደ ጥፍር ተመልሶ ያድጋል። በየመን የጃምቢያ እጀታ ይሠሩበት ነበር፤ በሩቅ ምሥራቅም አገሮች መድኃኒት ነው እየተባለ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ሀብታሞች ደግሞ ለክብር ምልክት ይገዙታል። የገዢው ገንዘብ በበዛ ቍጥር የአዳኙም ቍጥር በዛ።

በ1970 ዓ.ም. በአፍሪቃ ወደ 65,000 የሚሆን ጥቍር አውራሪስ ነበረ። 25 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 2,400 ገደማ ወረደ። በ1977 የቀንዱ ንግድ በመንግሥታት ስምምነት ተከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን ሕግ ብቻውን ሌባን አላቆመውም። በደቡብ አፍሪቃ በ2007 በሌቦች የተገደለው አውራሪስ 13 ብቻ ነበር፤ በ2014 ግን 1,215 ተገደለ፤ ይህም በየቀኑ ከ3 በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥበቃው ስለ ጠነከረ ቍጥሩ ቀነሰ፤ ሆኖም በ2024 ዓ.ም. እንኳ 420 ተገድሏል።

ስለ ወይዘሮ አና መርዝ

በጎ ፈቃደኛ ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከጐረቤታችን ከኬንያ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይበቃል። በኬንያ በ1970 ወደ 20,000 የሚሆን ጥቍር አውራሪስ ነበረ፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ግን ከጥቂት መቶ በቀር አልቀረም። ወይዘሮ አና መርዝ የሚባሉ እንግሊዛዊት በጋና ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ ወደ ኬንያ መጥተው ይህን ጥፋት አዩ። ዐርፈው የሚቀመጡበት ዕድሜ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ዝም ብለው ማለፍን አልወደዱም። በ1983 ዓ.ም. ሌዋ ከሚባለው ስፍራ ባለ ርስቶች ከክሬግ ቤተሰብ ጋራ ተስማምተው፥ የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተው፥ 5,000 ኤከር የሚሆን መሬት አሳጠሩ፤ ዘበኛም አቆሙ። ከየቦታው የተረፉትም አውራሪሶች እየተያዙ ወደዚያ እንዲገቡ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንዲት እናት የወለደቻትን ግልገል ጥላ ሄደች። ወይዘሮ አና ግልገሊቱን ሳሚያ ብለው ሰየሟት፤ በጡጦ ወተት አጠቧት፤ ሌሊት እንዳይበርዳት ከአጠገባቸው አስተኟት፤ ቀን ቀንም ከእርስዋ ጋራ በዱር እየሄዱ የዱር አኗኗርን አስለመዷት። ሳሚያም አደገች፥ ወደ ዱርም ገባች፥ ግልገልም ወለደች። ወይዘሮ አና በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ያ አጥር የጀመረው ስፍራ ግን ሰፍቶ እስከ ዛሬ የአውራሪስ መጠጊያ ሆኖ ይኖራል። በኬንያም የጥቍር አውራሪስ ቍጥር ወደ 1,000 ገደማ ተመልሷል።

በደቡብ አፍሪቃ ስላሉት ማሳደጊያዎች

ዛሬ ከሁሉ የበለጠ አውራሪስ የሚገኘው በደቡብ አፍሪቃ ነው፤ በጎ ፈቃደኞችም በብዛት የሚሄዱት ወደዚያ ነው። እናት በተገደለች ጊዜ ግልገሉ ሬሳዋን ትቶ አይሄድም፤ ሊጠባ ይሞክራል፥ ይጮኻል፥ አንዳንድ ጊዜም አዳኞቹ በገጀራ ያቈስሉታል። እንዲህ ያሉትን ለማዳን በምፑማላንጋ ክፍለ አገር በ2001 ኬር ፎር ዋይልድ የሚባለው መጠጊያ ተመሠረተ፤ በሊምፖፖም ክፍለ አገር በ2012 ለወላጅ አልባ አውራሪሶች ብቻ የሆነ ማሳደጊያ ተከፈተ።

ግልገሉ እንደ ተገኘ የእንስሳት ሐኪም ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ እንዳይደነግጥም ዐይኑ በጨርቅ ይሸፈናል፥ ጆሮውም ይደፈናል። ከዚያም በመኪና ወይም በሄሊኮፕተር ወደ ማሳደጊያው ይወሰዳል። ቍስሉ ይታጠባል፤ ሰውነቱም እንዲሞቅ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። የበጎ ፈቃደኛው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ታላቅ ይመስላል፤ በእጅ ሲይዙት ግን የእረኛና የሞግዚት ሥራ ነው። ትንሹ ግልገል ቀንም ሌሊትም በየጥቂት ሰዓቱ ወተት ይፈልጋል። የአውራሪስ ወተት ቅባቱ ጥቂት፥ ስኳሩም ብዙ ስለ ሆነ የላም ወተት እንዲያው አይሰጠውም፤ በሐኪሙ ትእዛዝ ተመዝኖ ይዘጋጃል። ጡጦው በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ የጠጣው መጠን በመዝገብ ይጻፋል፤ ፋንድያውም በየቀኑ ይታያል፥ ተቅማጥ ግልገሉን በፍጥነት ይገድለዋልና። ለነጩ ሣር ይታጨድለታል፤ ለጥቍሩ ቅርንጫፍ ይቈረጥለታል። በረቱ ይጠረጋል፥ ጭቃው ይበጃል፥ አጥሩ ይጠገናል። ብቻውን መሆንም ግልገሉን ስለሚያከሳው ሌላ ግልገል ይጨመርለታል። በሁድስፕሩት በሚገኘው መጠጊያ በ2014 እናቱን ላጣ አንድ ግልገል በግ ጓደኛ ሆና አብራው አድራለች።

ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ደመወዝ አይቀበሉም፤ ይልቁንም የመንገዳቸውንና የምግባቸውን ወጪ ራሳቸው ይከፍላሉ፤ ከከፈሉትም ገንዘብ ለወተትና ለመድኃኒት የሚውል አለ። ጠመንጃ ይዘው ሌሊት አጥር ለአጥር የሚዞሩት ግን የአገሩ ልጆች የሆኑ ዘበኞች ናቸው። ከእነርሱም በዚህ ሥራ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። እንግዳው ወር ወይም ሁለት ወር አገልግሎ ይመለሳል፤ ዘበኛው ግን ከነቤተ ሰቡ በዚያው ይኖራል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ ረዳት እንጂ አዳኝ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባዋል።

ፍቅር ያለ ልክ ሲሆን ስለሚያመጣው ጕዳት

ማሳደጊያው የቆመው ግልገሉ ወደ ዱር ይመለስ ዘንድ ነው። ነገር ግን ሰውን የለመደ አውራሪስ ሰው ሲቀርበው አይሸሽም። ጡጦ የያዘውን እጅና ጠመንጃ የያዘውን እጅ ለይቶ አያውቅም። እንግዳው ለደስታው ብሎ ሲደባብሰው፥ ሲያቅፈው፥ ሥዕሉንም ሲያነሣ፥ ነገ ሌባ ሲመጣ እንዳይሸሽ ያስተምረዋል። ስለዚህ ጥሩዎቹ ማሳደጊያዎች ግልገሉን የሚቀርቡትን ሰዎች ቍጥር ያሳንሳሉ፤ ወተት በተወ ጊዜም ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ሰፊ መስክ ያወጡታል፤ ሰውም ቀስ በቀስ ይርቀዋል። የበጎ ፈቃደኛው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ሌሊት ነቅቶ ያሳደገው ግልገል ይረሳው ዘንድ መፍቀድ አለበትና።

ክፋትም ማሳደጊያውን አይምርም። በየካቲት ወር 2017 በክዋዙሉ ናታል ክፍለ አገር ወዳለ አንድ ማሳደጊያ የታጠቁ ሰዎች በሌሊት ገቡ፤ ሠራተኞቹን አግተው ደበደቡ፤ ስለ ትንሽ ቀንዳቸውም ሁለት ግልገሎችን አጠፉ። ማሳደጊያው ከዚያ በኋላ ተዘጋ፤ የቀሩትም ግልገሎች ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። ስለዚህም በብዙ ስፍራ የአውራሪሱን ቀንድ በማደንዘዣ እያስተኙ አስቀድመው ይቈርጡታል፤ በሚያድግበትም ጊዜ ደግመው ይቈርጡታል። ሥሩ ስላልተነካ አውሬውን አያመውም።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገባ ነገሮች

ከተማሩት ወጣቶች መካከል እንዲህ ላለው አገልግሎት ለመሄድ የሚመኝ ቢገኝ፥ ምክር የሚጠየቅ መምህር እነዚህን ነገሮች ያስጠይቀው።

1ኛ፥ ከዚህ በፊት ያደጉት ግልገሎች ወዴት ሄዱ? ወደ ዱር የተመለሱ ከሌሉ ስፍራው ማሳደጊያ ሳይሆን መታያ ነው።

2ኛ፥ እንግዳ ግልገሎቹን እንዲደባብስና እንዲያቅፍ ይፈቀድለታልን? የሚፈቀድ ከሆነ ገንዘብን ከግልገሉ ሕይወት አስበልጠዋል።

3ኛ፥ የእንስሳት ሐኪም አለን? ሥራውንስ የሚያዝ የተማረ ሰው ማን ነው?

4ኛ፥ የአገሩ ሰዎች በደመወዝ ይሠሩበታልን? እንግዳው የሚሠራው ሥራ የድኻውን እንጀራ የሚነጥቅ እንዳይሆን ይመርመር።

5ኛ፥ የሚከፈለው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ይገልጻሉን?

ራሱንም ይጠይቅ። በሌሊት ተነሥቶ ጡጦ ለማጠብ፥ ፋንድያ ለመጥረግ፥ ለመታዘዝም ፈቃዱ ነውን? ምስጋና ቢቀር ይታገሣልን? ይህን የማይወድ ሰው ገንዘቡን ልኮ በአገሩ ቢቀመጥ የበለጠ ይረዳል።

መደምደሚያ

ድካሙ ከንቱ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነገር አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የደቡቡ ነጭ አውራሪስ ከ100 በታች ሆኖ፥ በዙሉ አገር በኡምፎሎዚ ሸለቆ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1895 ስፍራው ተከለለ፤ በ1960ዎቹም ዓመታት ኢያን ፕሌየርና ባልደረቦቹ አውራሪሶቹን በማደንዘዣ እየያዙ ወደ ሌሎች ስፍራዎች አዛወሯቸው። ዛሬ ከእነዚያ ጥቂቶች የተወለዱት ከ15,000 በላይ ናቸው። በሰሜኑ ነጭ አውራሪስ ላይ ግን የሆነው ሌላ ነው። ሱዳን የተባለው የመጨረሻው ወንድ በመጋቢት ወር 2018 በኬንያ በኦል ፔጄታ ሞተ፤ የቀሩት ናጂንና ፋቱ የተባሉ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሁለቱ የአንድ ዘር ቅርንጫፎች ናቸው፤ የአንደኛው ጠባቂ በጊዜው ደረሰ፥ የሁለተኛው ግን ዘገየ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት በዚህ ይፈጸማል።

እንግዲህ መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ካነበበ በኋላ አንድ ሥራ ይስጣቸው። እያንዳንዱ ልጅ ወደ አያቱ ወይም ወደ መንደሩ ሽማግሌ ሄዶ፥ በልጅነትዎ በዚህ አገር ይታዩ የነበሩ፥ ዛሬ ግን የማይታዩ አራዊትና አዕዋፍ የትኞቹ ናቸው? ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ይጻፍ። ሽማግሌዎችም የሚያውቁትን አይሰስቱ። ይህ አገልግሎት ባሕር መሻገርን አይሻም። ከስሙ በቀር ምንም ያልቀረልን አውሬ አርዌ ሐሪስ ነው፤ ገና በዱራችን ያሉትን ግን ልጆቹ ስማቸውን ከአካላቸው ጋራ እንዲያውቁ ጊዜ አለ።