ከፔዳሉ ሥር የሚሰማው ሲጢጥታ

ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ሲጓዝ የነበረ ብስክሌት ዳገት ላይ ድምፅ ማውጣት ይጀምራል። ብስክሌተኛው ከኮርቻው ተነሥቶ ክብደቱን በሙሉ ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፍ፣ በእያንዳንዱ ዙር «ሲጥ» ወይም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙዎች ይህን የእርጅና ምልክት አድርገው በዝምታ ያልፉታል፤ ሌሎች ደግሞ የዘይት ቆርቆሮ አንሥተው ባገኙት ቀዳዳ ሁሉ ይረጫሉ። ሁለቱም አያዋጣም። ድምፁ የሚናገረው እንደ አንድ አካል ሆነው መሥራት የሚገባቸው ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ መንቀሳቀስ መጀመራቸውን ነው።

የድምፁን አፈጣጠር ለመረዳት ማሲንቆን ማሰብ ይበቃል። ሙጫ የተቀባው የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ክር ይዞ ይጎትታል፤ ውጥረቱ ከሰበቃው ሲበልጥ ክሩ ያመልጣል፤ ወዲያው ተመልሶ ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። ክራንክ በሚባለው የፔዳል ክንድና በመሀል ዘንጉ መካከል የሚሆነውም ይኸው ነው፤ እንቅስቃሴው ግን በዓይን የማይታይ የሚሊ ሜትር ሽርፍራፊ ነው። ግሪስ የሙጫው ተቃራኒ ነው፤ ክፍሎቹ ከመያዛቸው በፊት እንዲንሸራተቱ ያደርጋል፣ ውሃና አቧራም ያግዳል።

ጭነቱ ቀላል አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 17 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ክንድ ጫፍ ላይ ቢቆም፣ 117 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይል ይፈጠራል። ግራ እግር ሲገፋ የግራው መጋጠሚያ መታጠፍንና መጠምዘዝን በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ የቀኙ ግን ሁለቱን በየተራ ይቀበላል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚላላው የግራ ክንድ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

በቆዩና በርካሽ ብስክሌቶች የዘንጉ ጫፍ አራት ማዕዘን ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ወደ ጫፉ በ2 ዲግሪ ያዘነብላል። ብሎኑ ሲጠብቅ ለስላሳው የአሉሚኒየም ክንድ በጠንካራው የብረት ዘንግ ላይ እንደ ሽብልቅ ይነዳል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በላላ ክንድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መጋለብ ብቻ አራት ማዕዘኑን ቀዳዳ ሊያበላሸው ይችላል፤ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ተመልሶ ይላላል። ድምፁን ችላ ያለ ሰው አዲስ ክንድ ለመግዛት ይገደዳል፤ ሲከፋም ዳገት ላይ ቆሞ ሲገፋ ክንዱ ተነቅሎ ይወድቃል።

ከመፍታት በፊት ግን ጥፋተኛውን መለየት ይገባል፤ የፍሬሙ ቱቦዎች ድምፅን እንደ ከበሮ ስለሚያስተላልፉ ጆሮ በቀላሉ ይታለላል። ከኮርቻ ሲነሡ ድምፁ ከጠፋ፣ መመርመር ያለበት ኮርቻውና ምሰሶው ነው። ፔዳሎቹን በሌላ ጥንድ መቀየርም ብዙ ይናገራል። ቀጥሎ ክንዱን ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ነው፤ ሁለቱ ክንዶች አብረው ከተወዛወዙ ያረጀው ወይም የላላው የመሀሉ ኩሽኔታ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የላላው የዚያ ክንድ መጋጠሚያ ነው።

መድኃኒቱ መፍታት፣ ማጽዳት፣ ጥርሶቹን ግሪስ መቀባትና በልክ ማጥበቅ ነው። ከላይ የሚረጭ ቀጭን ዘይት ድምፁን ለጥቂት ቀናት ያፍናል፤ ውስጥ ያለውን ግሪስ ግን እያጠበ የባሕረ ሰላጤውን ደቃቅ አሸዋ ወይም የሰሜን አውሮፓን የክረምት መንገድ ጨው ይዞ ይገባል። በግፊት የሚረጭ የማጠቢያ ውሃም ያው ነው። የአራት ማዕዘኑ ዘንግ ብሎን በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ 40 ማለት በ20 ሴንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል መጫን ነው፣ በአጭር መፍቻ የማይደረስበት። በሺማኖ ባዶ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት ብሎኖች ግን ከ12 እስከ 14 ይበቃቸዋል፤ እነሱንም በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። የዘንጉ ገጽ ራሱ ግሪስ ይቀባ አይቀባ በሚለው ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ንጹሕ ይሁን በሚለው ግን ሁሉም ይስማማሉ።

የሚፈታበት አቅጣጫም ያሳስታል። የግራው ፔዳል ጥርስ ወደ ግራ የተቆረጠ ነው፤ በአውሮፕላናቸው የሚታወቁት የራይት ወንድማማቾች በ1900 ከብስክሌት ሱቃቸው የማይፈታ ፔዳል ብለው ያስተዋወቁት ይህንኑ ዘዴ ነበር። በእንግሊዝ ሥርዓት በተሠሩ ፍሬሞች ደግሞ የቀኙ የኩሽኔታ ቤት ነው ግራ የሚዞረው፤ በጣሊያኑ ሁለቱም ቀኝ ይዞራሉ፣ የቀኙም ለመላላት የቀረበ ነው።

ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የባለቤቱ አይደለም። ካኖንዴል በ2000 የፈጠረውና በ2006 ለሌሎች አምራቾች የከፈተው «ቢቢ 30» የተባለ ሥርዓት ጥርሱን አስቀርቶ ኩሽኔታውን በቀጥታ ፍሬሙ ውስጥ በግፊት ያስገባል። ክብደት ቀነሰ፣ ዘንጉም ወፈረ፤ ነገር ግን ቀዳዳው በጥቂቱ ከልኩ ከወጣ ኩሽኔታው ቤቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ይሲጥጣልም። ጥቂት ግራሞችን ለማትረፍ የተከፈለው ዋጋ በዝቷል ማለት ይቻላል። በ2015 ክሪስ ኪንግና አርጎናውት «ቲ 47» በሚል ጥርሱን መልሰው አመጡ፤ ስፔሻላይዝድም በ2020 ታርማክ ኤስኤል 7 የተባለውን የውድድር ብስክሌቱን ወደ ጥርስ መለሰ። በግፊት የሚገባው ዓይነት ላላቸው፣ ግራና ቀኙን ፍሬሙ ውስጥ በጥርስ የሚያያይዝ ምትክ የኩሽኔታ ቤት በገበያ ላይ አለ፤ ፍሬሙን መቀየር ሳያስፈልግ ድምፁን ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል።