የአረጋውያን የምግብ እጥረት ልየታ

የአረጋውያን የምግብ እጥረት ልየታ ማለት ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በምግብ እጥረት መጎዳታቸውን ወይም ለጉዳት መቃረባቸውን በአጭር ጥያቄና በቀላል ልኬት ለይቶ ማወቅ ነው። ልየታ የመጨረሻ ምርመራ አይደለም፤ በደንብ መታየት ያለበትን ሰው ብቻ ያመለክታል። በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ ቅርብ የሆኑት ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ናቸው።

በጤና ኬላ የሚገኘው የክንድ መለኪያ ጥብጣብ በዋናነት የሚያገለግለው ለሕፃናትና ለእናቶች ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ በከፍተኛ ደረጃ እንደተጎዳ ይቆጠራል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ 23 ሳንቲ ሜትር ወሰን ሆኖ ያገለግላል። ሽማግሌው ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት ለሳል፣ ለወገብ ወይም ለዓይን ሕመም ነው። መክሳታቸውም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ስሕተት ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ክብደት መቀነስ የእርጅና ጠባይ ሳይሆን ምክንያቱ ሊፈለግ የሚገባው ምልክት ነው። ከጀርባው የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ፣ ካንሰር፣ የጥርስ መርገፍ፣ የመንፈስ ጭንቀት ወይም የጎተራ ባዶነት ሊኖር ይችላል።

መጠይቆቹ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአረጋውያን እንክብካቤ መመሪያ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይቀርባሉ፦ ባለፉት 3 ወራት ሳይፈልጉ ከ3 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል? የምግብ ፍላጎትዎ ጠፍቷል? ለአንዱ «አዎ» ያለ ሰው ወደ ቀጣዩ ምርመራ ይተላለፋል።

ሰፋ ያለው «ሚኒ ኑትሪሽናል አሰስመንት» የሚባለው መጠይቅ ነው። አጭሩ ቅጂ 6 ጥያቄዎችና 14 ነጥቦች አሉት። ከ12 እስከ 14 ያገኘ ደህና ነው፤ ከ8 እስከ 11 ያገኘ ሥጋት አለበት፤ 7 እና ከዚያ በታች ያገኘ ተጎድቷል። የሚጠየቁት የምግብ መጠን መቀነስ፣ የክብደት መቀነስ፣ ከቤት ወጥቶ መንቀሳቀስ፣ በቅርብ ጊዜ የደረሰ ሕመም ወይም ኀዘን፣ የመርሳት ወይም የመንፈስ ጭንቀት ችግር፣ በመጨረሻም ክብደት ከቁመት ጋር ያለው ምጣኔ ናቸው። ምጣኔውን ማግኘት ካልተቻለ የባት ዙሪያ ይለካል፤ ከ31 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ነጥቡ 0 ነው። ረጅሙ ቅጂ በደቡብ ኢትዮጵያ በከተማ ነዋሪ አረጋውያን ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

በጋይንት አካባቢ

ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይመረትበታል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ ዋስትና ችግር ካለባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። የክረምት ወራት ያለፈው እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ስለሆነ በነሐሴ የተለካ ሰው በጥር ከሚገኘው የተለየ ውጤት ሊያሳይ ይችላል።

በእንዲህ ያለ የገጠር አካባቢ መጠይቁን እንዳለ ተርጉሞ መጠቀም አይበቃም። ቤቱ ሚዛን የሌለው ሰው ስንት ኪሎ እንደቀነሰ አያውቅም፤ መጠይቁም ለ«አላውቅም» ከ3 ነጥብ 1 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ቀበቶው ወይም ቀሚሱ ሰፍቶ እንደሆነ፣ ቀለበቱ ከጣቱ ይወልቅ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። የልደት ቀናቸውን የማያውቁትን ደግሞ በ1966 አብዮት ሲፈነዳ ወይም በ1977 ድርቅ ጊዜ ምን ያህል እንደነበሩ ጠይቆ ዕድሜን መገመት ይቻላል።

ቁመት የበለጠ ያሳስታል። ጀርባቸው የጎበጠ እናት 45 ኪሎ ቢመዝኑና ቁመታቸው 1.52 ሜትር ሆኖ ቢለካ ምጣኔው 19.5 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከ18.5 በላይ ስለሆነ ደህና ያስመስላል። ከመጉበጣቸው በፊት 1.60 ሜትር ከነበሩ ግን እውነተኛው ምጣኔ 17.6 ነው። ለዚህ ሲባል የተዘረጉ ክንዶችን ስፋት ወይም የጉልበትን ከፍታ ለክቶ ቁመትን መገመት፣ አለዚያም የባት ዙሪያን መለካት ይመረጣል። እግር ካበጠ ግን ባትም ክብደትም ያታልላሉ።

ጾም ሌላው ጉዳይ ነው። ረጅሙ መጠይቅ በየቀኑ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ዶሮ ይበላ እንደሆነ ይጠይቃል። በዐቢይ ጾም የተጠየቁ ኦርቶዶክሳዊ አረጋዊ ባይጎዱም እዚህ ላይ ነጥብ ያጣሉ። ሽሮና ክክ በጥራጥሬው ጥያቄ ስለሚቆጠሩ ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል። ከጾሙ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሲፈታ ምን እንደሚበሉ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበሉና አብሯቸው የሚበላ ሰው መኖሩ ነው። ሕመምተኛ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን እንደማታስገድድ እያወቁ የሚጾሙ ብዙ ስለሆኑ፣ የጤና ባለሙያው ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ ቢጠቁም ከክርክር ይሻላል።

ከልየታ በኋላ

የተለየው ሰው መጀመሪያ በሕክምና ይታያል፤ የሳል፣ የስኳር፣ የአፍና የጥርስ ምርመራ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም ጭምር። ማኘክ ላቃተው ቆሎና ደረቅ ቂጣ ከመምከር አጥሚት፣ ፍትፍትና የተፈጨ ጥራጥሬ፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ወተትና እንቁላል በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መስጠት ይጠቅማል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይመዘናል።

ቤት ውስጥ የሚበላ ከሌለ ግን ምክር አይሠራም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሠርተው ማግኘት ለማይችሉና ጧሪ ለሌላቸው ሰዎች ያለ ሥራ የሚሰጥ «ቀጥታ ድጋፍ» አለው። ተጠቃሚዎችን በመምረጥ ረገድ የቀበሌው ኅብረተሰብ ድርሻ ስላለው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የለየቻቸውን ብቸኛ አረጋውያን ለቀበሌው ብታሳውቅ የልየታው ውጤት ከመዝገብ አልፎ ወደ ቤታቸው ይደርሳል።