ልብ ሲሮጥ መንገዱን መቁረጥ፦ ካቴተር አብሌሽን እንዴት ይሠራል?

እንበልና ከዓይናለም ወደ መሀል መቀሌ በባጃጅ እየሄዱ ነው። ምንም ሳይደነግጡ ልብዎ ድንገት መሮጥ ይጀምራል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ በድንገት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሐኪም ጋ ሲደርሱ ኢሲጂው ደህና ነው። «ጭንቀት ይሆናል» ብለው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን የኤሌክትሪክ መስመር ችግርም ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ምት ትእዛዝ የሚነሳው ከቀኝ የላይኛው ክፍል ነው። ወደ ታችኛው ክፍል የሚወርደው በአንድ በር ብቻ ሲሆን፣ በሩም ለ0.1 ሰከንድ ያህል ያቆየዋል። አንዳንድ ሰው ግን ሌላ ቀጭን ትርፍ መንገድ ይዞ ይወለዳል። ትእዛዙ በበሩ ወርዶ በትርፉ መንገድ ከተመለሰ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዱ ዙር 0.3 ሰከንድ ቢፈጅ ልብ በደቂቃ 200 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። መፍትሔው? ቀለበቱን አንድ ቦታ ላይ መበጠስ።

ሐኪሙ በብሽሽት ደም ሥር በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ገመድ እስከ ልብ ድረስ ያስገባል፤ ደረት አይከፈትም። መጀመሪያ ትርፉ መንገድ የት እንዳለ በኤሌክትሪክ ምልክቱ ይለካል። ከዚያ በገመዱ ጫፍ በሰከንድ 500,000 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይለቃል። የቤታችን መብራት 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ ጡንቻን የሚያንዘፈዝፈውም ለዚህ ነው። ይሄኛው በጣም ፈጣን ስለሆነ ጡንቻውን ያሞቃል እንጂ አያንዘፈዝፍም። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ጥቂት ሚሊሜትር ሥጋ ይሞታል፤ መንገዱም ይዘጋል። በእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ከ100 ታካሚዎች ከ90 በላይ ይሳካላቸዋል። አደጋም አለው፦ ዋናው በር አብሮ ከተቃጠለ ፔስሜከር ማስገባት ግድ ይሆናል።

ግን ሁሉም የምት መዛባት አንድ አይደለም። በአገራችን ብዙ ሰው የሚጎዳው በልጅነት በደንብ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ቫልቩ ይጠባል፣ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይበተናል። እዚህ ላይ ማቃጠል ብቻውን የጠበበውን ቫልቭ አይከፍትም። ስለዚህ የልጅዎን ቶንሲል ቀላል ነው ብለው አይተዉት።

እርስዎስ? ልብዎ በሚሮጥበት ሰዓት፣ ሳይቆም ኢሲጂ ይነሱ፤ ወረቀቱንም አይጣሉት። ራስን መሳት ወይም የደረት ሕመም ካለ ደግሞ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።