ጡንቻው ሲቀድም ጅማቱ ሲቀር

በቤዝቦል ጨዋታ ኳስ ወርዋሪው፣ በተለምዶ አጠራሩ ፒቸሩ፣ ኳሷን በዱላ ከሚመታው ተጋጣሚው የሚርቀው 18.44 ሜትር ብቻ ነው። የመወርወሪያው ኃይል ከክንድ የሚመነጭ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ እንደ ቡሄ ጅራፍ ከሥር ተነስቶ ወደ ጫፍ የሚጓዝ ነው። ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ወገብ፣ ከዚያ ወደ ትከሻ ይሻገርና ትከሻው በሰከንድ ከ7,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ይሽከረከራል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባል የለ? እዚህም የሚጎዳው ወርዋሪው ነው። ክንዱ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ሲለጠጥ ክርኑ በውስጠኛው ጎኑ በኩል ሊከፈት ይታገላል፤ እንዳይከፈት የሚይዘው ደግሞ አንድ አጭር ጅማት ነው።

በአላባማ በርሚንግሃም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአንድ ብርቱ ውርወራ ክርኑ ላይ የሚያርፈውን የመጠምዘዝ ኃይል ለክተው 64 ኒውተን ሜትር ገደማ አግኝተዋል። ከሬሳ በተወሰደ ክርን ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ጅማቱ ብቻውን የሚበጠሰው ከ32 እስከ 34 ኒውተን ሜትር ላይ ነው። ታዲያ በየውርወራው የማይበጠሰው ለምንድን ነው? ከጫናው ከፊሉን የክንዱ የውስጥ ጡንቻዎችና የአጥንቶቹ መጋጠሚያ ስለሚሸከሙለት ነው። የጉልበት ሥልጠና ክንድን ይጠብቃል ሲባል ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጡንቻው ሲደክም ሸክሙን ለጅማቱ ይለቅለታል፣ ሲበረታ ይጋራዋል። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ ከክንድ አይጀምርም፤ እግርና ዳሌን በክብደት ያጠነክራል፣ ቀጥሎ የትከሻን መገጣጠሚያ ከበው የያዙትን ትንንሽ ጡንቻዎች በላስቲክ ገመድና በቀላል ዳምቤል ያሠራል። እነዚህ ጡንቻዎች ከውርወራ በኋላ ክንዱን የሚያቆሙት ፍሬኖች ናቸው። የውድድር ዘመኑ ሳይጀምር ትከሻቸው ተለክቶ ደካማ የተገኘ ባለሙያ ፒቸሮች ኋላ ላይ ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደሆነ ጥናት አሳይቷል። በጃፓንም ለታዳጊዎች የተዘጋጀ የማፍታቻ፣ የሚዛንና የእንቅስቃሴ መርሐ ግብር የትከሻና የክርን ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

ይህን ሁሉ ተቀብሎ የሚሞግት ሰው ግን አለ፤ ሙግቱም ቀላል አይደለም። ፒቸሮች እንደ ዛሬ ጠንክረው አያውቁም፣ ታዲያ ጉዳቱ ለምን በዛ? ይላል። በአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ የፈጣን ኳስ አማካይ ፍጥነት እ.ኤ.አ. በ2008 በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር፤ በ2024 ከ151 አልፏል። ሊጉ ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ለጉዳቱ መብዛት ፍጥነትን ማሳደድና በእያንዳንዱ ውርወራ ያለ የሌለ ኃይልን ማውጣት በምክንያትነት ጠርቷል። እኔ እንደማየው ይህ ሥልጠናውን የሚያፈርስ ሳይሆን ወሰኑን የሚያሳይ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ደም እምብዛም የማይደርሰው ጅማት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የተገኘው ጉልበት በሙሉ ወደ ፍጥነት ከዞረ ለጅማቱ የተረፈው ተጨማሪ ሸክም ብቻ ነው። ከመደበኛው በከበዱና በቀለሉ ኳሶች ለ6 ሳምንት የሠለጠኑ ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል፦ ፍጥነታቸው 3.3 በመቶ ጨመረ፣ ከመካከላቸው 24 በመቶው ተጎዱ፣ ለንጽጽር ከተያዙት መካከል ግን የተጎዳ አልነበረም።

ሌላው ሙግት የድሮዎቹ ጀግኖች ክብደት ሳያነሱ ዓመት ሙሉ ይወረውሩ ነበር የሚለው ነው። የምናስታውሰው የተረፉትን ነው። ከምርጦቹ አንዱ የነበረው ሳንዲ ኮፋክስ እንኳ በክርኑ ሕመም ምክንያት በ1966 ሲሰናበት ገና 30 ዓመቱ ነበር። ቢበጠስም ይቀጠላል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 ከፒቸሩ ቶሚ ጆን ሌላኛው እጅ ጅማት ወስዶ የተጎዳውን ክርኑን ጠግኖለታል፤ ተጫዋቹም ተመልሶ እስከ 1989 ወርውሯል። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመመለስ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ አልፎታል። ዛሬም ማገገሙ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ ደግመው የሚበጠስባቸውም አሉ። ቀዶ ሕክምናው ክንድን ከበፊቱ ያበረታል ብለው ጤነኛ ልጃቸውን ለማስቀደድ የሚያስቡ ወላጆች መኖራቸው ደግሞ ያስገርማል።

ስለዚህ የልጁን የጂም መርሐ ግብር ከመጠየቅ በፊት የሚወረውርበትን ብዛት መጠየቅ ይቀድማል። በዓመት ከ8 ወር በላይ በውድድር የሚወረውሩ ወጣቶች ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ክንዳቸው እየዛለ በሚወረውሩት ላይ ደግሞ 36 እጥፍ። የአሜሪካ መመሪያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጆች በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቅድም፤ በየዓመቱም ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ እንዲያርፉ ይመክራል። ከባዱ የክብደት ሥራ የሚገባው በእነዚያ ወራት ነው፤ ውድድር ሲመጣ ይቀልላል፣ ትንንሾቹ የትከሻ ልምምዶች ግን አይቋረጡም።