ያውቁ ኖሯል? የግፊት ኪኒንና ሚዛን

የአቦምሳ ሙቀት ለብቻው እግር ያሳብጣል፤ አምሎዲፒን ሲታከልበት ጫማው እምቢ ይላል። ይህ ውፍረት አይደለም። መድኃኒቱ ትንንሾቹን ደም ወሳጅ ሥሮች ያሰፋል፤ ደም መላሾቹን ግን እምብዛም አይነካቸውም። ስለዚህ ግፊቱ መሐል ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ላይ ያርፍና ውሃው ወደ ውጭ ሰርጎ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል።

መጠኑም ይወስናል። ለፈቃድ በቀረቡት ሙከራዎች 5 ሚሊ ግራም ከወሰዱ 100 ሰዎች ያበጡት 3 ያህል ነበሩ፤ 10 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ግን 11 ያህል። ሴቶች ላይ ይብሳል።

እብጠቱን በሚያሸና ኪኒን ማድረቅ ብዙ አያዋጣም፤ ጥፋቱ የሥር መስፋት እንጂ የጨው ክምችት አይደለምና። ሐኪም መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ደም መላሾቹንም የሚያላላውን ኢናላፕሪል ይጨምራል።

እውነተኛ ኪሎ የሚጨምሩት እነ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ጭማሪውን 1.2 ኪሎ ገደማ አድርጎታል። ከዚያ በላይ ያለውን ቦርጭ በኪኒኑ ማላከክ ግፍ ነው! ተናዶ በአንድ ጊዜ ማቆም ደግሞ ልብን ለአደጋ ያጋልጣል።

በሚያሸናው ኪኒን በሃይድሮክሎሮታያዛይድ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚቀንሰው ክብደት ውሃ ነው። ስቡ ካለበት አልተነቃነቀም። ሪህ ያለበት ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ይህ ኪኒን ሪህ ይቀሰቅሳል።

ሽሮፕ ተጠጥቶ፣ አንቲባዮቲክ ተውጦ አልለቅ ያለ ደረቅ ሳል? የሚውጡት ኢናላፕሪል ከሆነ እሱን ይጠርጥሩ። ሲቀየር ሳሉ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የዚህ መድኃኒት ታላቅ ወንድም ካፕቶፕሪል የተገኘው የብራዚል እፉኝት መርዝ ላይ ከተደረገ ምርምር ነው። ኢናላፕሪል ተውጦ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሆስፒታል! ነፍሰ ጡርም አትወስደውም።

የኑራ ኤራ ብርቱካን ከግፊት ኪኒኑ ከኒፊዲፒን ጋር አይጣላም። የሚጣላው ግሬፕፍሩት ነው፤ አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን ይበዛል።

ኪኒን ውጦ ጫት መቃምስ? የጫቱ ካቲኖን የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የግፊት መድኃኒት ነበር። በሽተኞቹ ፀጉር አበቀሉ፤ ዛሬ ለራሰ በራ ይሸጣል።

አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ አምሎዲፒንን አይክሰሱ። የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።