ከስልሳ በኋላም ሪንግ ላይ፦ የሜክሲኮ ነፃ ትግል አንጋፋዎች

በአብዛኛው ስፖርት ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው የሚጠየቀው ጫማውን መቼ እንደሚሰቅል ነው። በሜክሲኮ ነፃ ትግል፣ በአገሬው አጠራር ሉቻ ሊብሬ፣ ነገሩ ሌላ ነው። በሙያ አጋሮቹ ዘንድ «መምህሩ» የሚባለው ብሉ ፓንተር የተወለደው በ1960 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2024 ጸደይ ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ብራያን ዳንኤልሰን ሜክሲኮ ሲቲ መጥቶ ሲገጥመው ሰውዬው ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኩያው ኔግሮ ካሳስ በ1979 የጀመረውን ሙያ ሳያቋርጥ ቆይቶ፣ በ2023 ለረጅም ዘመን የሠራበትን ኩባንያ ለቆ ወደ ተቀናቃኙ ተዛወረ፤ እሱም ያኔ ስልሳ ሦስት ሞልቶት ነበር።

እነዚህን ሰዎች «ማቆም ያቃታቸው ሽማግሌዎች» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሉቻ ሊብሬ ከአሠራሩ ጀምሮ ለአንጋፋ ቦታ ያለው ትግል ነው። ሕጉም፣ ቴክኒኩም፣ የቤተሰብ ወጉም ይህን ቦታ ሲያሰፉት ኖረዋል።

በተደራጀ መልኩ የተጀመረው በ1933 ነው። ሳልቫዶር ሉተሮት የተባለ ሰው በመስከረም ወር በሜክሲኮ ሲቲ የመጀመሪያውን ዝግጅት አቀረበ። ያቋቋመው ኩባንያ ስሙን ቢቀይርም ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ በዓለም ላይ ካሉት የዚህ ዓይነት የትግል ኩባንያዎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። በ1956 የተከፈተውና ከ16 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው አሬና ሜክሲኮ የኩባንያው ዋና ቤት ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት በ1968ቱ ኦሊምፒክ የቦክስ ውድድሩ የተካሄደው በዚሁ አዳራሽ ነበር። የግጥሚያው ውጤት አስቀድሞ እንደሚወሰን ተመልካቹ ያውቃል። ይህ ግን ውድቀቱንም ሆነ ደሙን የውሸት አያደርገውም፤ ከእንጨት ወለል ላይ የሚያርፈው ጀርባ የሰው ጀርባ ነው።

ሕጉን ካየነው፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። በጣም የተለመደው ግጥሚያ ሦስት ለሦስት የሚደረገው ነው፤ በአንድ ወገን ሕግ አክባሪዎቹ ቴክኒኮዎች፣ በሌላው ሕግ ጣሾቹ ሩዶዎች ይቆማሉ። አንጋፋውን የሚያቆየው ትንሽ የምትመስል ደንብ አለች። ተፋላሚው ከሪንጉ ተንሸራቶ ወጥቶ እግሩ መሬት ከነካ፣ ጓደኛው እጅ መንካት ሳያስፈልገው ወዲያው ይተካዋል። ስለዚህ ስልሳ ያለፈው ሰው የሚችለውን ሠርቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ አመቺ ሰዓት ላይ ይመለሳል። ይህን የሦስት ለሦስት ግጥሚያ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተወዳጅ ካደረጉት ግንባር ቀደሞቹ ኤል ሲግኖ፣ ኤል ቴክሳኖና ኔግሮ ናቫሮ ናቸው፤ በአንድነት «የሞት መልእክተኞች» ይባሉ ነበር።

ከሦስቱ ኔግሮ ናቫሮን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ከሶላር ጋር ያደረጋቸው ግጥሚያዎች በሜክሲኮ ብቻ ሳይሆን በውጭም አፍቃሪ አላቸው። ሁለቱም በ1950ዎቹ የተወለዱ ናቸው። ሲገናኙ ከገመድ ላይ የሚዘል ብዙም አይታይም፤ ሥራው ያለው ወለሉ ላይ ነው። ናቫሮ የሶላርን አንጓ ይይዛል፤ ሶላር ክንዱን ለማስለቀቅ ሲገለበጥ ናቫሮ አብሮ ይዞርና እግሩን በእግሩ ይጠልፋል። አሁን አንድ ክንድና አንድ ጉልበት ታስረዋል። ሶላር ትከሻውን በትንሹ ያዘነብላል፣ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ይወጣል፣ እሱ በተራው የናቫሮን አንገት ይቆልፋል። አንዱ እስር ሌላውን ይወልዳል፤ የቀደመው ሳይፈታ የሚቀጥለው ይጀመራል። የሃያ ዓመት ወጣት ይህን በጉልበት ሊያደርገው አይችልም፤ ሺህ ጊዜ ታስሮ ሺህ ጊዜ የተፈታ ሰውነት ይጠይቃል። ተመልካቹ በእንዲህ ያለ ግጥሚያ ልቡ ሲነካ ሳንቲምና የብር ኖት ወደ ሪንጉ ይወረውራል። ተፋላሚዎቹ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፤ እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ታላቅ ክብር ነው የሚቆጠረው። ሙያው የሚተላለፈው ከመምህር ወደ ተማሪ በልምምድ አዳራሽ ነው። አትላንቲስን ያህል ኮከብ ያወጣው የጓዳላሃራው ዲያብሎ ቬላስኮ በ1999 ቢሞትም የእሱ እጅ ዛሬም በተማሪዎቹ አያያዝ ላይ ይታያል።

ሌላው ምሰሶ ጭምብሉ ነው። ጭምብል ዕድሜን ይሸፍናል፤ ሽበትም መጨማደድም ከጨርቁ ሥር ይቀራል። የሚወርደውም በውርርድ ግጥሚያ ነው። የተሸነፈው ከኋላ የታሰረውን ማሰሪያ ይፈታል፣ ፊቱን ይገልጣል፣ ስሙንና የትውልድ ቦታውን፣ ሪንግ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየም ለሕዝቡ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያንን ጭምብል አያጠልቅም።

የዚህን ክብደት እንደ ዲያስ ሜንዶሳ ቤተሰብ የቀመሰው የለም። የታዋቂው ሬይ ሜንዶሳ አምስት ወንዶች ልጆች «ቪያኖ» የሚለውን ስም ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይዘው ታገሉበት። በመጋቢት 2000 ቪያኖ ሦስተኛው በአርባ ሰባት ዓመቱ ጭምብሉን በአትላንቲስ ተነጠቀ፤ ያ ምሽት ከሜክሲኮ ታላላቅ ግጥሚያዎች አንዱ ሆኖ ይወሳል። በ2008 ቪያኖ አምስተኛው የብሉ ፓንተርን ጭምብል አወረደ፤ ብሉ ፓንተር አርባ ስምንተኛ ዓመቱን በደፈነ ማግስት ነበር። በቀጣዩ ዓመት አምስተኛውም የራሱን በኡልቲሞ ጌሬሮ ተነጠቀ። አራተኛው ብቻ ቀረ። በ2022 ኤኤኤ የተባለው ኩባንያ «የሞት ሩሌት» ብሎ ባዘጋጀው ውድድር ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያልፈው ተሸናፊው ነበር፤ ቪያኖ አራተኛው እየተሸነፈ እስከ ፍጻሜው ደረሰ። በጥቅምት ወር ከፔንታጎን ጁኒየር ጋር ገጥሞ፣ በደም ታጥቦ፣ በአምሳ ሰባት ዓመቱ ፊቱን ገለጠ። የወንድማማቾቹ የመጨረሻው ጭምብል በዚያ ምሽት ወረደ። ብሉ ፓንተር ደግሞ ጭምብሉን ካጣ በኋላ አልጠፋም፤ እንዲያውም ባዶ ፊቱን ሕዝቡ ይበልጥ ወደደው።

ትልቁ ስም ኤል ሳንቶ በ1982 የመጨረሻ ግጥሚያውን ያደረገው ስልሳ አምስተኛ ልደቱ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ከተጋጣሚዎቹ መካከል የሞት መልእክተኞቹ ነበሩ። በ1984 ሲሞት ከብር ቀለም ጭምብሉ ጋር ተቀበረ። ባላንጣው ብሉ ዴሞን በ1989 ሲሰናበት ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ለሴቶቹ ግን ይህ ዕድል ተነፍጓቸዋል። ከ1950ዎቹ እስከ 1986 ድረስ በሜክሲኮ ሲቲ እንዳይታገሉ ታግደው ነበር። እንደ ኢርማ ጎንሳሌስ ያሉ ሴቶች ምርጥ ዘመናቸውን በክፍለ ሀገርና በውጭ አገር መድረኮች አሳለፉ፤ የሴት አንጋፋዎች ታሪክ የሚገባውን ያህል የማይወራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሲልቨር ኪንግ በግንቦት 2019 ለንደን ውስጥ ሪንግ ላይ እንዳለ ልቡ ከዳውና በአምሳ አንድ ዓመቱ ሞተ። ጉልበትና ወገባቸው የተበላሸ አንጋፋዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛው ተፋላሚ የሚከፈለው በግጥሚያ ስለሆነ፣ ያልታገለ አይበላም፤ ከስልሳ በኋላ ሪንግ ላይ ከሚታዩት ውስጥ በፍቅር ብቻ ሳይሆን በኑሮ ግድ የሚወጡም አሉ። የሜክሲኮ ሲቲ መስተዳድር ሉቻ ሊብሬን በ2018 የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ሰይሞታል። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ግዙፍ ደብሊውደብሊውኢ ኤኤኤን እንደሚገዛ አሳወቀ። ቅርስም ተባለ፣ ገንዘብም መጣ። የአንጋፋዎቹን ስምና ጭምብል የሚሸጡ ሁሉ ሕክምናቸውንና ጡረታቸውን መሸፈን አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

መንገዱ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሚወስደው አንባቢ አርብ ማታ አሬና ሜክሲኮ ይግባ። ግን ቀደም ብሎ ይግባ፤ አንጋፋዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚታገሉት ከዋናው ግጥሚያ በፊት ነው።