የሽማግሌ እህልና የገቢ ግብር በቢቸናና በሞጣ

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። በ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ከወጣ ወዲህ ቃሉ የሚያሳስበን በየወሩ የሚቈረጠውን ገንዘብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ግን የሽማግሌውና የአሮጊቲቱ ጡረታ ርስታቸው ነበረ። ጉልበታቸው በደከመ ጊዜ መሬታቸውን ለልጃቸው ወይም ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከምርቱ ይጦሩ ነበር። ርስትም በአባትም በእናትም የሚወረስ ስለ ሆነ፣ በቢቸና አውራጃ የሚኖር አረጋዊ በሞጣ አውራጃ ካለው ከእናቱ አጥቢያ እህል ሊመጣለት ይችል ነበር።

ከዚህ እህል መንግሥት ስንት ይውሰድ? በማንስ ስም? በ1960 ዓ.ም. ደም ያፋሰሰው ነገር ከዚህ ጥያቄ ብዙ የራቀ አልነበረም።

አሥራት ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የታወቀ ስም ነው፤ ያዕቆብ በቤቴል የተሳለው እርሱን ነውና። በአገራችንም ዳግማዊ ምኒልክ ለሠራዊቱ ስንቅ እንዲሆን በ1880ዎቹ ደንግገውታል፤ ኋላም በገንዘብ ተተክቷል። በጎጃም የመሬቱ ግብር የሚቈረጠው በዋናው አባት ርስት ላይ ሲሆን፣ ተወላጆቹ ድርሻ ድርሻቸውን ያዋጡ ነበር። ስለዚህ ግብር መክፈል ሸክም ብቻ አልነበረም፤ «ይህ መሬት የአባቴ ነው» የሚያሰኝ ምስክርም ነበረ።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 255 አሥራቱን ሽሮ እያንዳንዱ ሰው ባገኘው ገቢ መጠን እንዲከፍል አዘዘ። አሳቡ በራሱ ክፉ ነበረ አንልም፤ ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል ማለት ነውና። ደመወዝተኛውም ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የገቢ ግብር ይከፍል ነበር። ነገር ግን የጸሐፊው ደመወዝ በመዝገብ የታወቀ ነው፤ የአውድማው እህል ግን በገማች ዓይን የሚለካ ነው። ውርጭና በረዶ የመታውን ዓመት ማን በትክክል ይገምተዋል? ከሁለት አጥቢያ የሚጦረውስ ሽማግሌ በየትኛው ይቈጠር?

ከሁሉ ይልቅ ሕዝቡን ያስፈራው ቃላድ ነው። በደቡብ መሬት በቃላድ ከተለካ በኋላ ብዙው ባለ አገር ጭሰኛ መሆኑን ሰምቶ ነበርና፣ ገቢን መገመት መሬትን የመለካት መጀመሪያ መሰለው። የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ያስከፈላቸው ልዩ ልዩ መዋጮዎችም በቁስል ላይ እንጨት ሆኑ። የቢቸና፣ የሞጣና የደጋ ዳሞት ገበሬ መሣሪያውን አንሥቶ ገማቾችን አላስገባም አለ። ጦር ዘመተ፤ የአየር ኃይልም ታዘዘ፤ የገበሬ ጎጆ ተቃጠለ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ጎጃም ወርደው ውዝፉን ግብር ማሩ። ለአራሽ ገበሬ እንዲህ ያለ ምሕረት በዘመኑ ብርቅ ነበረ።

ርስቱ ራሱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 97 የግል ገበሬዎችን የገቢ ግብር ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ ከቢቸናና ከሞጣ አውድማ የሚወጣው ግብር ዛሬ የሚታዘዘው ከባሕር ዳር ነው።